ምስር፣ ጉሎ፣ ስንዴ፣ ቦሎቄ፦ የእጽዋት ሌክቲኖች ለካንሰር ምርመራና ሕክምና የቱ ድረስ ይሠራሉ?

ሜላት_ባዮ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ስለ ሌክቲኖች የምርምር ፕሮፖዛል እያዘጋጀሁ ነው፤ ከጥራጥሬና ከዘር የሚወጡ፣ የሕዋስ ገጽ ላይ ያለውን ስኳር እየመረጡ የሚይዙ ፕሮቲኖች ማለቴ ነው። የታተሙትን ጽሑፎች ብታዩ ሁሉም «ተስፋ ሰጪ» ይላሉ። ከተስፋ አልፎ ሥራ ላይ የዋለውን የምታውቁ ጻፉልኝ። ዛሬ ሐኪም የሚያዘው ምርመራ ውስጥ የገባ የእጽዋት ፕሮቲን አለ? የባዮፕሲ ስላይድ ላይ ሌክቲን ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር? ለሕክምናስ የደረሰ አለ? ሌላው ጥያቄዬ የዋጋ ነው፤ ከውጭ ከማስመጣት እዚሁ ከገበያ ምስር ገዝቶ ማውጣት ይቻላል?

የጉበት_ክፍል

ሜላት፣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ምስር ውስጥ ነው።

አልፋ ፊቶፕሮቲን የሚባለውን ፕሮቲን የጽንስ ጉበት በብዛት ያመርታል። ከተወለድን በኋላ ይወርድና በጉበት ካንሰር ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። ችግሩ በሄፓታይተስና በሲሮሲስም (የጉበት ጠባሳ) መውጣቱ ነው። 60 ናኖግራም በሚሊሊትር ያለው የሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኛ ሲመጣ ቁጥሩ ብቻውን ዕጢ ይሁን የጉበት ቁጣ አይናገርም።

መለያው ከፕሮቲኑ ላይ በተንጠለጠለው የስኳር ሰንሰለት ላይ ነው። የጉበት ካንሰር ሕዋስ ኤፍዩቲ8 በተባለው ኢንዛይም አማካይነት በሰንሰለቱ ሥር ፉኮስ የተባለ ስኳር ይጨምራል። የምስር ሌክቲን ደግሞ ይህችን ፉኮስ ሲያገኝ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ የታማሚውን ሴረም በምስር ሌክቲን ፊት ብታሳልፊው አልፋ ፊቶፕሮቲኑ በሦስት ይከፈላል፦ ኤል1 አይያዝም፣ ኤል2 በመጠኑ ይያዛል፣ ኤል3 አጥብቆ ይያዛል። ኤል1 በብዛት የሚታየው ካንሰር በሌለበት የጉበት በሽታ ነው፤ ኤል3 በብዛት የሚታየው በጉበት ካንሰር ነው። ውጤቱ የሚጻፈው ኤል3 ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። የተለመደው መስመር 10 በመቶ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2005 የፈቀደው ለምርመራ ማረጋገጫ ሳይሆን ለስጋት መገመቻ ነው፤ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለበት ሰው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ካለው በቀጣዮቹ 21 ወራት ውስጥ የጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው ተብሎ።

የሚሳሳተው የት ነው? ዕጢው ከ2 ሴንቲሜትር በታች ሲሆን ከግማሽ በላዩን ያመልጠዋል። ስለዚህ «ኤል3 ንጹሕ ነው» ተብሎ አልትራሳውንድ አይተውም፤ በየ6 ወሩ ይቀጥላል። በሌላ በኩል ጉበት በድንገት ሲወድቅ፣ በእርግዝና ጊዜና በአንዳንድ የእንቁላል እጢና የቆለጥ ዕጢዎች ላይ ካንሰሩ ጉበት ውስጥ ሳይኖር ኤል3 ከፍ ሊል ይችላል። ለነፍሰ ጡር ማዘዝ ገንዘብ መበተን ነው። ሌላው፣ ጠቅላላው አልፋ ፊቶፕሮቲን በጣም ዝቅ ሲል በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች መቶኛው አይታመንም ነበር፤ የሚካፈለው ነገር ራሱ የለምና። ውጤት ስታነቢ መጀመሪያ ጠቅላላውን፣ ቀጥሎ መቶኛውን እዪ።

ቀመረኛው

ከላይ የተባለው ላይ ልጨምር። ኤል3ን ብቻውን የሚያነብ ሰው እየቀነሰ ነው። በ2014 ከበርሚንግሃም የወጣው ጋላድ የተባለ ቀመር ጾታን፣ ዕድሜን፣ ኤል3ን፣ አልፋ ፊቶፕሮቲንንና ዲሲፒ የተባለውን ሌላ የጉበት ካንሰር ምልክት አንድ ላይ ያስላል፦

ጋላድ = −10.08 + (0.09 × ዕድሜ) + (1.67 × ጾታ) + (2.34 × ሎግ10 አልፋ ፊቶፕሮቲን) + (0.04 × ኤል3 በመቶ) + (1.33 × ሎግ10 ዲሲፒ)

ለወንድ 1፣ ለሴት 0 ነው። አልፋ ፊቶፕሮቲንና ዲሲፒ በናኖግራም በሚሊሊትር ይገባሉ። ከ−0.63 በላይ የወጣ ይጠረጠራል።

በቁጥር እንየው። የ55 ዓመት ወንድ፣ አልፋ ፊቶፕሮቲን 20፣ ኤል3 12 በመቶ፣ ዲሲፒ 5፦ −10.08 + 4.95 + 1.67 + 3.04 + 0.48 + 0.93 = 0.99። ከመስመሩ በላይ ነው። ያው ቁጥር ለሴት ከሆነ 1.67 ይቀነስና −0.68 ይሆናል፤ ለጥቂት ከመስመሩ በታች። ጾታ ምን ያህል እንደሚከብድ እዩት። የምስሩ ፕሮቲን ድርሻ ደግሞ 0.48 ብቻ ነው፤ ለፕሮፖዛሉ «ምስር ካንሰርን ያገኛል» ብሎ መጻፍ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ዲሲፒ ዋርፋሪን በሚወስድ ወይም ቫይታሚን ኬ ባነሰው ሰው ላይ ያለ ካንሰር ይወጣል። አንዳንድ ላቦራቶሪ ደግሞ ዲሲፒን በሌላ መለኪያ ያወጣል፤ ያንን ቁጥር እንዳለ ቀመሩ ውስጥ መክተት ውጤቱን ከሥሩ ያበላሻል። ቀመሩ የተሠራው በበርሚንግሃም ሕመምተኞች ላይ ስለሆነ ሄፓታይተስ ቢ በበዛበት አካባቢ መስመሩ −0.63 ላይ ይቁም አይቁም እዚሁ መፈተሽ አለበት። ሜላት፣ ርዕስ ከፈለግሽ ይኸውልሽ።

ገበታ

እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም፤ ግን ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ልጠይቅ። ቴሌግራም ላይ «ምስርና ቦሎቄ ያልበሰለ ቢበላ ካንሰር ይከላከላል» የሚል ጽሑፍ ይዞራል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ወሰን_ፋርማሲ

አይገናኝም ወንድሜ፤ ባይሞክሩት ጥሩ ነው።

እዚህ የሚወራው ምስር ከደም ናሙና ጋር በመሣሪያ ውስጥ የሚገናኝ የተጣራ ፕሮቲን ነው። በሆድ የገባ ምስር ወጥ ውስጥ ያለው ሌክቲን በመፍላት ጠፍቷል፤ የተረፈውንም ሆድ ይፈጨዋል፤ ዕጢ ዘንድ አይደርስም።

ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ደግሞ ጉዳት አለው። ፒኤችኤ የተባለው ሌክቲን በጥሬው በጣም ብዙ ነው፤ አራት አምስት ፍሬ ብቻ የበላ ሰው በ1 እና በ3 ሰዓት መካከል ማስመለስ፣ ከዚያ ተቅማጥ ይጀምረዋል። በመለኪያ ሲታይ ጥሬው ከ20,000 እስከ 70,000 አሃድ ያለው ሲሆን በደንብ የበሰለው ከ200 እስከ 400 ነው። የሚመከረው ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ ማፍላት ነው። ከ80 ዲግሪ በታች በቀስታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ መርዛማነቱ ከጥሬው ሊብስ ይችላል። ይህ ምክር የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ጊዜውን ማርዘም ወይም በፕሬዠር ድስት መሥራት ይሻላል።

ስላይድና_ሌንስ

ወደ ባዮፕሲው እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ሌክቲንን እንደ ፀረ እንግዳ አካል አድርጎ ስለሚቆጥረው።

ለእያንዳንዱ የሚይዘውን ስኳር አስቀድመሽ እወቂ። የኦቾሎኒው ፒኤንኤ ቲ አንቲጅን የተባለውን ይፈልጋል፤ በጤነኛ ሕዋስ ላይ ይህ አንቲጅን ሲያሊክ አሲድ በተባለ ስኳር ተሸፍኖ ይኖራል፣ በብዙ ካንሰሮች ላይ ተገልጦ ይገኛል። የስንዴ ፍሬው ደብልዩጂኤ ኤን-አሲቲል ግሉኮሳሚንንና ሲያሊክ አሲድን ይይዛል። ዩኢኤ-1 የተባለው ሌክቲን በፉኮስ ላይ ተመሥርቶ የደም ሥር ውስጠኛ ገጽን ያሳያል፤ ከደም ሥር የተነሳ ዕጢ ሲጠረጠር ሲያገለግል ኖሯል፣ ዛሬ ግን በአብዛኛው ሲዲ31 እና ኢአርጂ የተባሉ የፀረ እንግዳ አካል ቅቦች ተክተውታል። ኮን ኤ የተባለው ሌክቲን ማኖስ የተባለውን ስኳር ይይዛል፤ ስለዚህ ሁሉም ቦታ ይቀባል፤ ለጀማሪ መለማመጃ ይሆናል እንጂ ለመለየት አይረዳም።

አሠራሩ፦ ፎርማሊን የገባውንና በፓራፊን የተቀበረውን ቲሹ 4 ማይክሮሜትር ቁረጪ። ዛይሊን ሁለት ጊዜ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ 100፣ 95፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ከዚያ ውሃ። ሲትሬት ባፈር 10 ሚሊሞላር፣ ፒኤች 6.0፣ 95 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በክፍሉ ሙቀት 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 10 ደቂቃ። ጉበትና ኩላሊት በራሳቸው ባዮቲን ስላላቸው አቪዲን 15 ደቂቃ፣ ባዮቲን 15 ደቂቃ አድርጊ፤ ይህን ካለፍሽው ጉበቱ ሁሉ ቡናማ ይሆንብሻል፤ ያው ሥራ ያበቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅቡን የሚወስን ነው። በሴረም አታሽጊ፤ ወተት ዱቄትም አትጠቀሚ። ሁለቱም ስኳር ያለባቸው ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሌክቲንሽ ሄዶ እነሱን ይይዝና ቲሹው ባዶ ይቀራል። 1 በመቶ ንጹሕ ቦቫይን ሴረም አልቡሚን 30 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ባዮቲን የተጣበቀበትን ሌክቲን ከ5 እስከ 20 ማይክሮግራም በሚሊሊትር፣ በክፍሉ ሙቀት 45 ደቂቃ። ስትጀምሪ 2፣ 5፣ 10፣ 20 አድርገሽ በአራት ስላይድ ሞክሪ፤ አንድ መጠን ለሁሉም አይሆንም። ሦስት ጊዜ 5 ደቂቃ እጠቢ። ስትሬፕታቪዲን ከፐርኦክሲዴዝ ጋር 30 ደቂቃ፣ እጠቢ፣ ዳብ የተባለው ቡናማ ቀለም ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ማይክሮስኮፕ ላይ እያየሽ፣ ሄማቶክሲሊን 30 ሰከንድ።

ባፈሩ፦ 10 ሚሊሞላር ሄፔስ፣ 150 ሚሊሞላር ጨው፣ ፒኤች 7.5፣ 0.1 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ። ለኮን ኤና ለምስሩ ሌክቲን ማንጋኒዝ ክሎራይድም 0.1 ሚሊሞላር ጨምሪበት።

ሜላት_ባዮ

ጋሽ ስላይድ፣ በጣም አመሰግናለሁ። እኛ ላብ ያለው ፎስፌት ባፈር ነው፤ እሱን ብጠቀም ምን ይሆናል? አንዳንዱ ኮን ኤ የተቀባ ስላይድ ደግሞ ያለምንም ናሙና እንኳ ይቀባል፤ ይህ ከምን ይመጣል?

ስላይድና_ሌንስ

ፎስፌት ካልሲየሙን ይይዝና ያረጋዋል። ኮን ኤም ሆነ የምስሩ ሌክቲን ካልሲየምና ማንጋኒዝ ካልያዙ ስኳሩን አይዙም። ቅቡ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴ ጨርሶ ይጠፋል። ኢዲቲኤ ያለበት ባፈርም እንደዚያው። ደብልዩጂኤ ግን ብረት ስለማይፈልግ በፎስፌት ባፈርም ይሠራል፤ ስለዚህ «ደብልዩጂኤ ሠርቶ ኮን ኤ አልሠራም» ካልሽ ተጠያቂው ባፈሩ ነው።

ያለ ናሙና የሚቀባው ደግሞ አቪዲን ስለተጠቀምሽ ይሆናል። አቪዲን የእንቁላል ፕሮቲን ነው፤ ራሱ ማኖስ አለበት፤ ኮን ኤ ሄዶ እሱን ይይዛል። ስትሬፕታቪዲን ስኳር የለበትምና ለኮን ኤ ከላይ ባልኩት የ15 ደቂቃው አቪዲን ፈንታም እሱን ተጠቀሚ። ማጠቢያሽ ውስጥ አዛይድ ካለ ፐርኦክሲዴዙን እንደሚገድለውም አትርሺ።

ማረጋገጫ ሳይኖር ምንም አትጻፊ። ከእያንዳንዱ ስላይድ ጎን ሌላ ስላይድ አስቀምጪ፤ ሌክቲኑን ከሚወደው ስኳር ጋር 30 ደቂቃ አቆይተሽ ከዚያ አድርጊበት። ለኮን ኤና ለምስሩ ሜቲል አልፋ ማኖሳይድ 200 ሚሊሞላር፣ ለፒኤንኤ ጋላክቶስ 200 ሚሊሞላር፣ ለዩኢኤ-1 ኤል-ፉኮስ 100 ሚሊሞላር። ቅቡ ካልጠፋ የያዘው ስኳር አይደለም ማለት ነው፤ ያ ስላይድ ለውጤት አይቆጠርም። ለፒኤንኤ ደግሞ ሌላ ጥንድ ስላይድ፦ አንዱን ሲያሊክ አሲዱን በሚቆርጠው ኢንዛይም፣ ኒውራሚኒዴዝ 0.1 አሃድ በሚሊሊትር፣ ፒኤች 5.5፣ 37 ዲግሪ፣ 1 ሰዓት አድርጊበት። ከኢንዛይሙ በኋላ ብቻ ከቀባ አንቲጅኑ አለ ግን ተሸፍኗል ማለት ነው፤ ያለኢንዛይሙም ከቀባ ተገልጧል ማለት ነው። በካንሰርና በጤነኛ ቲሹ መካከል የሚያስረዳሽ ይህ ልዩነት ነው እንጂ የቅቡ ድምቀት አይደለም።

ዩኢኤ-1 ላይ የታማሚውን የደም ዓይነት ጠይቂ። ኦ ዓይነት ያለው ሰው ቀይ የደም ሕዋሱ ሁሉ ይቀባል። ይህን የማያውቅ ሰው «ደም የሞላበት ዕጢ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ክሮሞዞም46

ስለ ቀይ ቦሎቄ መርዝነት ከላይ ወጥቷል፤ ያው ፒኤችኤ ላብ ውስጥ ሌላ ሥራ አለው። በ1960 ፒተር ናወል ፒኤችኤ ሊምፎሳይቶችን እንዲከፋፈሉ እንደሚቀሰቅስ አሳየ፤ የደም ክሮሞዞም ምርመራ ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። በዚያው ዓመት ናወልና ሃንገርፎርድ በሥር የሰደደ ማየሎይድ ሉኪሚያ ላይ ፊላደልፊያ ክሮሞዞምን አገኙ።

የተለመደው አሠራር፦ 0.5 ሚሊሊትር በሄፓሪን የተወሰደ ደም፣ 5 ሚሊሊትር አርፒኤምአይ 1640 የተባለ የሕዋስ መመገቢያ ፈሳሽ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሴረም ያለበት፣ ፒኤችኤ 1 እስከ 2 በመቶ፣ 37 ዲግሪ፣ 72 ሰዓት። ሊያበቃ 45 ደቂቃ ሲቀረው የሕዋስ ክፍፍልን የሚያስቆመው ኮልሴሚድ 0.1 ማይክሮግራም በሚሊሊትር። ከዚያ ፖታሺየም ክሎራይድ 0.075 ሞላር 37 ዲግሪ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ 3 እጅ ሜታኖል ለ1 እጅ አሴቲክ አሲድ ሦስት ጊዜ። ኮልሴሚዱን ካረዘምሽው ክሮሞዞሞቹ አጥረው የሚለዩባቸው መስመሮች (ባንዶች) አይታዩም። ደሙ በኢዲቲኤ ቱቦ ከመጣ ሕዋሳቱ በደንብ አይከፋፈሉም፤ አረንጓዴ ክዳን ያለው ቱቦ እንዲላክ አስቀድመሽ ንገሪ።

ሰው የሚሳሳትበት ግን ይህ ነው፦ ሉኪሚያ ለሚጠረጠር ሕመምተኛ በፒኤችኤ የተቀሰቀሰ የሕዋስ ካልቸር አይሠራም። ፒኤችኤ የሚቀሰቅሰው ጤነኛውን ቲ ሊምፎሳይት ነው፤ 72 ሰዓት ቆይቶ የሚታየው ክሮሞዞም የጤነኛው ሊምፎሳይት ይሆናል፣ ሪፖርቱም «46፣ ኤክስዋይ፣ ምንም የለም» ይላል። ለማየሎይድ ሉኪሚያ የአጥንት መቅኔ ያለ ማነቃቂያ 24 ወይም 48 ሰዓት ነው የሚቀመጠው። ፒኤችኤ የሚያስፈልገው አብሮ የተወለደን የክሮሞዞም ለውጥ ለማየት ነው።

ወሰን_ፋርማሲ

ወደ ሕክምናው። እንደ ምርመራው ጥሩ ዜና የለም፤ ከጅምሩ ልናገር።

ሌክቲን የሚባለው የፕሮቲን ቤተሰብ የጥናት ታሪክ የሚጀምረው ከጉሎ ነው። በ1888 ሄርማን ስቲልማርክ ዶርፓት ላይ፣ ዛሬ ታርቱ በምትባለው የኢስቶኒያ ከተማ፣ ከጉሎ ፍሬ የቀዳው ፕሮቲን ቀይ የደም ሕዋሳትን ሲያጣብቅ አሳየ። ፕሮቲኑ ሪሲን ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ ቢ ሰንሰለቱ ጋላክቶስን ይይዝና ሕዋሱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ኤ ሰንሰለቱ የራይቦዞምን (የሕዋሱን ፕሮቲን ሠሪ) አንድ አደኒን ይነቅላል። አንድ ሞለኪውል በደቂቃ ከ1,500 በላይ ራይቦዞም ያከሽፋል። ሕዋስ በጥቂት ሞለኪውል ይሞታል፤ ነገር ግን ካንሰሩንም ጤነኛውንም እኩል ነው የሚገድለው።

ለዚያ ሲባል ቢ ሰንሰለቱን ጥለው ኤ ሰንሰለቱን የካንሰር ሕዋስ ከሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ማያያዝ ተሞከረ። መጀመሪያ የገጠመው ኤ ሰንሰለቱ ራሱ ስኳር ስላለበት ጉበት ዕጢው ሳይደርስ እየጠረገ መውሰዱ ነበር፤ ስኳሩን አነሱለት። ቀጥሎ የሕመምተኞቹ ደም ሥር ማፍሰስ ጀመረ፦ ክብደት መጨመር፣ ውሃ ሳንባ ውስጥ መግባት፣ አልቡሚን መውረድ። መጠኑን ከፍ እንዳይሉ ያገዳቸው ይህ ነው። ከዚያም የሰውነት መከላከያ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትና ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ያንሳል። ለሊምፎማ የተሠራ አንድ ሪሲን ያለበት መድኃኒት ደረጃ 3 የሰው ሙከራ ድረስ ሄዶ ጥቅም አላሳየም። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሞክሴቱሞማብ በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው፤ መርዙ ግን ከባክቴሪያ ነው፤ እሱም በ2023 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል።

ጉሎ በብዙ ቤት ለምጣድ ማሰሻ ስለሚውል አንድ ነገር ልጨምር። ሪሲን ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ በሙቀትም ይጠፋል። ስለዚህ በአግባቡ የተዘጋጀ የጉሎ ዘይት ችግር የለበትም፤ የታኘከ ጥሬ ፍሬ ግን ሊገድል ይችላል። «ለካንሰር መድኃኒት» ተብሎ የሚሸጥ የጉሎ ፍሬ ዱቄት ካያችሁ ሰው አስጠንቅቁ።

ሌላው በጀርመንና በስዊዘርላንድ በመርፌ የሚሰጠው የሚስልቶ ተክል ቅምር ነው፤ ውስጡ እንደ ሪሲን ዓይነት ሌክቲን አለ። ከቆዳ ሥር በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጋል፤ የተወጋው ቦታ ይቀላል፣ ትኩሳት ይመጣል። በ2008 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አጠቃልሎ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ዕድሜ ስለማራዘሙ ያለው ማስረጃ ደካማ መሆኑን ነው የደመደመው። አሜሪካ ውስጥ ለካንሰር አልተፈቀደም። ከውጭ ዘመድ የላከላችሁ ከሆነ ኬሞውን በመተው አትተኩት።

የጉበት_ክፍል

ወሰን፣ ከከሸፈው ውጭ የሠራም አለ፤ የከሸፈው ብዙ ስለሆነ ተረሳ። ሪሆቮት ያለው የዋይዝማን ተቋምና የኒው ዮርኩ ስሎን ኬተሪንግ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአኩሪ አተር ሌክቲንን ለአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ተጠቅመውበታል። መቅኔው ከሌክቲኑ ጋር ሲደባለቅ የጎለመሱ ሕዋሳት ተጣብቀው በአልቡሚን ንብርብር ውስጥ ይሰጥማሉ፤ ግንድ ሕዋሳቱ ሳይጣበቁ ላይ ይቀራሉ። የቀሩት ቲ ሕዋሳት በበግ ቀይ የደም ሕዋስ ተይዘው ይወገዳሉ። በዚህ ሙሉ በሙሉ የማይገጥም ለጋሽ፣ ለምሳሌ ወላጅ፣ መስጠት ተቻለ፤ ንቅለ ተከላው ሕመምተኛውን የሚያጠቃበት ችግር በጣም ቀነሰ። ግንድ ሕዋሳትን ሲዲ34 በተባለው ምልክታቸው በማግኔት መለየት ሲመጣ ተተካ። መድኃኒት ሆኖ ሰውነት ውስጥ ስላልገባ ነው የሠራው፤ ውጭ ሥራውን ሠርቶ ታጠበ።

ፕሮቲን_አጣሪ

የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ ነው። አዎ ሜላት፣ ከገበያ ምስር ማውጣት ይቻላል፤ ያልተከካ፣ ያልተቆላ መሆን አለበት።

50 ግራም አድቅቀሽ ንፊ። 500 ሚሊሊትር 0.15 ሞላር ጨው ውስጥ በ4 ዲግሪ ሌሊቱን እየተማሰለ ይደር። በ10,000 ጂ ለ20 ደቂቃ አሽከርክሪ፤ ጭቃውን ጣይ። ፈሳሹን በአሞኒየም ሰልፌት 70 በመቶ አድርሰሽ የዘቀጠውን ሰብስቢ፤ በጨው ባፈር ዲያሊሲስ አድርጊ፤ ካልሲየምና ማንጋኒዝ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊሞላር ይኑሩበት። ከዚያ በሴፋዴክስ ጂ-100 ኮለም አሳልፊው። ሴፋዴክስ የተሠራበት ዴክስትራን ራሱ የግሉኮስ ሰንሰለት ስለሆነ የምስሩ ሌክቲን ዕቃውን ይይዛል፤ ሌላ የተለየ ኮለም መግዛት አያስፈልግሽም። የኦዲ280 (የፕሮቲን መጠን የሚያሳየው የብርሃን መለኪያ) ንባብ ከ0.05 በታች እስኪወርድ እጠቢ፤ ከዚያ 0.2 ሞላር ግሉኮስ ስትጨምሪ ይለቃል።

መሥራቱን የምታውቂው በቀይ የደም ሕዋስ ነው። ዩ ቅርጽ ያለው 96 ጉድጓድ ሳህን፣ 50 ማይክሮሊትር ሌክቲን እጥፍ በእጥፍ እየቀጠነ፣ 50 ማይክሮሊትር 2 በመቶ የጥንቸል ቀይ የደም ሕዋስ፣ 1 ሰዓት። የተጣበቀው ጉድጓዱን እንደ ምንጣፍ ይሸፍናል፤ ያልተጣበቀው ታች ቀይ ነጥብ ይሠራል።

ሜላት_ባዮ

ከኮለሙ የወጣው ኦዲ280 ላይ ከፍ ብሎ ሳህኑ ላይ ግን ሁሉም ጉድጓድ ነጥብ ብቻ ቢሆንስ? ፕሮቲኑ ተበላሽቷል ማለት ነው?

ፕሮቲን_አጣሪ

አይደለም፤ ግሉኮሱን አላወጣሽም ማለት ነው። 0.2 ሞላር ግሉኮስ ያለበት ናሙና ውስጥ ሌክቲኑ እጁ ሙሉ ነው፤ የደም ሕዋሱን መያዝ አይችልም። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ባፈር እየቀየርሽ በ4 ዲግሪ ዲያሊሲስ አድርጊና ድገሚው። አሁንም ካልሠራ ባፈሩ ውስጥ ኢዲቲኤ ወይም ፎስፌት እንዳለ እዪ። አሁንም ካልሠራ ሕዋሱን እዪ፤ ከ1 ሳምንት በላይ የቆየ የጥንቸል ደም በራሱ ይፈነዳና ጉድጓዱን ቀይ ያደርጋል፤ ንባብ አይሆንም። ሌክቲኑ ከተረጋገጠ በኋላ በ1 ሚሊግራም በሚሊሊትር በትናንሽ ቱቦ ከፋፍለሽ −20 ላይ አስቀምጪ፤ መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆነ ግን እየቀለጠና እየበረደ ከሚመላለስ 0.08 በመቶ አዛይድ ጨምረሽ 4 ዲግሪ ላይ መተዉ ይሻላል። ያንን ቱቦ ፐርኦክሲዴዝ ላለበት ሥራ ስታወጪ መጀመሪያ አዛይዱን አውጪለት።